አልጠፋ ያለው የዓሣ ወጥ ዘፈን

[የቀትር ዕንቅልፍ ሰዓት ነው። ከዳልማቲያ ደሴቶች በአንዲቱ፣ ፀሐይ የአደባባዩን ነጭ ድንጋይ እንደ ምድጃ አግላዋለች፤ የመንደሩ መስኮቶች ሁሉ የእንጨት መዝጊያቸውን ደፍተዋል። በዚህ አገር በዚህ ሰዓት ድምፅ ማሰማት ከስርቆት አይተናነስም። አደባባዩን በምትመለከት አሮጌ የወይራ መጭመቂያ ቤት ውስጥ፣ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ከሚዘፍነው የወንዶች ማኅበር ሁለት አባላት ቆመዋል። ባርቱል የማኅበሩ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ዕድሜውን በመርከብ ላይ በሬዲዮ ሠራተኛነት ያሳለፈ ሲሆን፣ አላውቅም ያለው ነገር እስካሁን አልተገኘም። ኩዝማ ወይን ተካይ፣ የማኅበሩ ወፍራም ድምፅና የቤቱ ቁልፍ ያዥ ነው፤ በሐሳብም በእርምጃም አይቸኩልም። በመካከላቸው፣ በወፍጮው ድንጋይ ላይ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል የኪስ ማጫወቻ ተቀምጣለች።]

ባርቱል፦ አጥፍቻቸዋለሁ አልኩህ!

ኩዝማ፦ ይኸው አሉ።

ባርቱል፦ የሉም!

ኩዝማ፦ የሉም ካልክ የሉም። ግን አሉ።

ባርቱል፦ ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ተኝቷል! [ራሱ እየጮኸ] ትናንት በገዛ ጣቴ ነው ያጠፋኋቸው። ቁጥር አራት፣ ቁጥር አምስት፣ ቁጥር ስድስት። ሦስቱንም።

ኩዝማ፦ በየትኛው ጣትህ?

ባርቱል፦ ጣቱ ደግሞ ምን አገባው?

ኩዝማ፦ ያቺ የመርከብ በር የቀረጠፋት ከሆነች፣ እሷ ነገር አትጨርስም ብዬ ነው። ባለፈው ካርታ ስንጫወትም በእሷ ጥለህ ነው የተበላነው።

ባርቱል፦ ስማ ኩዝማ። እኔ በአትላንቲክ መሐል፣ ማዕበል ምሳዬን ከነሳህኑ እየወሰደው፣ ሬዲዮ ፈታትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። አንተ እስከ ዛሬ ከፈታኸው ነገር ሁሉ ትልቁ የጫማህ ክር ነው።

ኩዝማ፦ እሱም አንዳንዴ ይቋጠርብኛል።

ባርቱል፦ እንግዲያው ዝም ብለህ እያየህ ተማር። እስክጨርስ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።

ኩዝማ፦ እሺ። ብቻ ዛሬ ጠዋት እኔ ባርባ ዬርኮ ቤት...

ባርቱል፦ አንዲት ቃል አልኩህ!

ኩዝማ፦ እሺ።

[ደሴቷ ሽማግሌዎቿን “ባርባ”፣ አሮጊቶቿን “ቴታ” እያለች ታከብራለች። ባርባ ዬርኮ የማኅበሩ አዛውንት መሪ ናቸው፤ ቤታቸውም ከአደባባዩ ማዶ፣ ልክ ከዚህ መስኮት ፊት ለፊት ነው።]

ባርቱል፦ ነገሩ ቀልድ እንዳይመስልህ። ባርባ ዬርኮ ከቀትር ዕንቅልፋቸው እንደተነሡ ይህችን ማጫወቻ ሊወስዱ ይመጣሉ።

ኩዝማ፦ ሊወስዷት?

ባርቱል፦ አዎ፣ ሊወስዷት! ለምን መሰለህ? በውስጧ ያለውን የእኔንና የቪኮን ዘፈን ሰምተው፣ ቅዳሜ በፔሪና መስኮት ሥር ብቻውን የሚያዜመውን ሊመርጡ። ቪኮ! ያ ዳቦ ጋጋሪ! ሲዘፍን እኮ እንደ ፍየል ነው የሚንቀጠቀጠው።

ኩዝማ፦ ዳቦው ግን አይንቀጠቀጥም። ጥሩ ዳቦ ነው።

ባርቱል፦ ኩዝማ! ፔሪና የእኅቴ ልጅ ናት። ገና ስትድህ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ “ልታገቢ ስትይ መስኮትሽ ሥር የሚዘፍነው አጎትሽ ነው” ብያታለሁ። ትናንትና መንገድ ላይ አግኝታኝ ምን አለችኝ? “አጎቴ፣ መስኮቱን ቀለም አስቀባሁልህ።” እንዴት ብዬ ነው የዚያን ፍየል ድምፅ የማሰማት?

ኩዝማ፦ አረንጓዴ ነው ያስቀባችው። አይቼዋለሁ፣ ያምራል።

ባርቱል፦ እንግዲህ ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት ደህና ናቸው፤ ዘፈኖቹ ናቸው። አራት፣ አምስትና ስድስት፣ እነዚያ በቀልድ የቀዳናቸው፣ ባርባ ጆሮ ከገቡ ግን እኔ አበቃልኝ። የማኅበራችንን ሎቭሬን አታስታውስም? “መሪያችን ሸመገሉ” ብሎ ለአንድ ሰው በሹክሹክታ ስለተናገረ፣ ክረምቱን ሙሉ ከዘፈን ታግዶ ወንበር ተሸካሚ ሆኖ ከረመ። እኔ ደግሞ በሹክሹክታ አይደለም የተናገርኩት፤ በዜማ ነው!

ኩዝማ፦ ምን ነበር ያልከው?

ባርቱል፦ ረሳኸው? አጠገቤ ቆመህ እንባህ እስኪወርድ ስትስቅ አልነበር እንዴ?

ኩዝማ፦ መሳቄን አስታውሳለሁ። ያሳቀኝን ነው የረሳሁት።

ባርቱል፦ [ግራ ቀኝ አይቶ፣ በሹክሹክታ] አራት የባርባ ሳል ነው። አምስት የሚስታቸው የቴታ ፊሎመና የዓሣ ወጥ። ስድስት ጢማቸው።

ኩዝማ፦ አሃ፣ ጢሙ! [ሳቁ ይመጣበታል]

ባርቱል፦ አትሳቅ! አሁን ወደ ሥራ። አንደኛ ደረጃ፦ ማሽን እንደ ሰው ነው፤ ሲደክመው ይዘባርቃል። አጥፍተን እናብራት።

[ያጠፋታል። ሁለቱም እንደ አስታማሚ ራሳቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። ያበራታል።]

ኩዝማ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

ባርቱል፦ አየህ?

ኩዝማ፦ ...አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ዕረፍቱ ተስማምቷታል። እንዲያውም ደመቅ ብለው ነው የሚታዩት።

ባርቱል፦ ወዲህ በላት! ሁለተኛ ደረጃ። [ከከረጢቱ ላፕቶፕ አውጥቶ በገመድ ያገናኛታል] ይኸው። ኮምፒዩተሩ ስንት ይላል?

ኩዝማ፦ ሦስት።

ባርቱል፦ ማጫወቻዋስ?

ኩዝማ፦ ስድስት።

ባርቱል፦ ስለዚህ?

ኩዝማ፦ አንዳቸው ይዋሻሉ።

ባርቱል፦ ማሽን አይዋሽም!

ኩዝማ፦ እንግዲያው ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አሉም፣ የሉምም።

ባርቱል፦ ወይ ፈጣሪዬ፣ ከማን ጋር ነው ያዋልከኝ? ስማ፣ ላስረዳህ። የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይሞትም። በማጫወቻዋ ሆድ ውስጥ ከዓይን የተሰወረ ማጎሪያ አለ፤ ያጠፋኸው ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይታሰራል። ማጎሪያውን ባዶ ሳታደርግ ገመዱን ከነቀልክ፣ እስረኛው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

ኩዝማ፦ ትናንት ባዶ አድርገኸው ነበር?

ባርቱል፦ ሚስቴ ሰርዲኑ ሊቀዘቅዝ ነው ብላ ጮኸችብኝ። ገመዱን ነቅዬ ሄድኩ።

ኩዝማ፦ ቀዘቀዘ?

ባርቱል፦ ምኑ?

ኩዝማ፦ ሰርዲኑ።

ባርቱል፦ ሰርዲኑን ተወው! ይኸው፣ ማጎሪያውን ከፈትኩት። እ... ባዶ ነው።

ኩዝማ፦ ታዲያ ደስ አይልህም?

ባርቱል፦ ምን ደስ ይለኛል? አልገባህም እንዴ? አምልጠዋል!

ኩዝማ፦ ወዴት?

ባርቱል፦ እሱን ነው እኮ የምፈልገው!

[ኩዝማ ባርኔጣውን አውልቆ ያሰላስላል፤ ሐሳቡም እንደ ልማዱ ከሩቅ፣ በእግሩ ይመጣል።]

ኩዝማ፦ ባርቱል፣ ምናልባት የቀረው ስማቸው ብቻ ቢሆንስ? እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አባቴ ከሞተ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ማዕድ ላይ ሳህኑን ታቀርብለት ነበር። እንግዳ የመጣ ሰው ሳህኑን ቆጥሮ “ሰውዬው መቼ ነው የሚመጣ?” ይላል። ሳህኑ አለ፣ ሰውዬው ግን የለም።

ባርቱል፦ አንተ እናትህን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ታወዳድራለህ? ስም ካለ ባለስሙ አለ።

ኩዝማ፦ መቃብር ላይም ስም አለ።

ባርቱል፦ ከሥሩስ ማን አለ?

ኩዝማ፦ ሰውዬው።

ባርቱል፦ አየህ!

ኩዝማ፦ ግን አይዘፍንም።

ባርቱል፦ ዝም በል አልኩህ እኮ! እሺ፣ ሰምተን እናረጋግጥ። ያ ኤርፎን የት አለ?

ኩዝማ፦ ይኸው። የግራውን ድመቴ በልታዋለች።

ባርቱል፦ ቀኙ ይበቃል። [ጆሮው ውስጥ ይከታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል] ቁጥር አራት... ምንም። ቁጥር አምስት... ምንም። ቁጥር ስድስት... ጭጭ።

ኩዝማ፦ እኔም እኮ ዛሬ ጠዋት...

ባርቱል፦ ኤርፎኑ ሞቷል!

ኩዝማ፦ በቁጥር አንድ ሞክረው እስቲ።

ባርቱል፦ ለምን ብዬ? ቁጥር አንድ ደህና መሆኑን አውቃለሁ! የእኔ ዘፈን ነው። የሞተው ኤርፎኑ ነው እንጂ እኔ እንዴት ልጠፋ እችላለሁ?

ኩዝማ፦ ያለ ኤርፎን እናጫውተው ታዲያ።

ባርቱል፦ በዚህ ጸጥታ? አብደሃል? በዚህ ሰዓት ዝንብ እንኳ ብታንጎራጉር የማን ቤት እንደገባች ይታወቃል።

ኩዝማ፦ ባሕር ውስጥ እንጣላት ታዲያ። “ወደቀች” እላለሁ። እኔ ብጥላት ማንም አይገረምም።

ባርቱል፦ ቁጥር አንድንስ? ቁጥር አንድን እኮ ነው የምታሰምጠው! ያን ዕለት የዘፈንኩትን ያህል ዘፍኜ አላውቅም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፄን ወደ ላይ ስወስደው፣ አንተ ራስህ የታችኛውን ድምፅ መያዝ አቅቶህ...

ኩዝማ፦ አስነጠሰኝ።

ባርቱል፦ ከስሜት ነው ያስነጠሰህ!

ኩዝማ፦ እሺ። የቪኮን ብቻ ብናጠፋስ?

ባርቱል፦ ነውር ነው! እንዲህ ያለ ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ! [ቀስ ብሎ] ለመሆኑ የትኛው ቁጥር ነው የእሱ?

ኩዝማ፦ ሦስት። ግን ነውር ነው አልክ።

ባርቱል፦ ነውር ነው። ደግሞም ያንን ልሰርዝ ብዬ የእኔ ቢጠፋስ? ዛሬ ይህችን ማሽን ማመን አልችልም። [ከግድግዳ ግድግዳ ይንጎራደዳል፤ በድንገት ግንባሩን ይመታል] ሞገድ!

ኩዝማ፦ ማን?

ባርቱል፦ ሞገድ! እንዴት አልታየኝም? በመርከብ ላይ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ሞገድ ሲናገሩ ምን ይሆናሉ?

ኩዝማ፦ ይጣላሉ።

ባርቱል፦ ይጠፋፋሉ! አንዱ ሌላውን ይበላዋል፣ የሚሰማህ ጭጭ ነው። ስለዚህ ያንኑ ድምፅ፣ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ጉልበት ደግሜ ብቀዳባት፣ አዲሱ አሮጌውን ይሰርዘዋል። ሞገድ በሞገድ!

ኩዝማ፦ እንዳይሰማ ብለህ ደግመህ ልትለው ነው?

ባርቱል፦ በሳይንስ!

ኩዝማ፦ ባይበላውስ? ሁለት ይሆናል እኮ።

ባርቱል፦ ወይንህን በሽታ ሲይዘው ልመክርህ መጥቼ አውቃለሁ? አላውቅም። አንተም በሞገድ አትግባብኝ። ቀይዋ ቁልፍ ታየችህ? ምልክት ስሰጥህ ትጫናታለህ። ምልክት ሳልሰጥ እንዳትነካት፤ አንድ ትንፋሽ ብትቀድም ሞገዱ ይዛነፋል።

ኩዝማ፦ ምልክቱ ምንድን ነው?

ባርቱል፦ እንደ ባርባ። ቀኝ እጅ ወደ ላይ።

ኩዝማ፦ ቀኝ እጅ ወደ ላይ። ካልተነሣ አልነካም።

ባርቱል፦ ጎሽ! [በግድግዳው ላይ ድምፁን ይሞክራል] አይሆንም፤ ድንጋዩ ያስተጋባል። ያን ዕለት የት ቆመን ነበር?

ኩዝማ፦ መስኮቱ ጋ። ሙቀት ስለነበር ተከፍቶ ነበር።

ባርቱል፦ እንግዲያው ክፈተው። ሁሉም ያው ወይኑን በውሃ አቅጥኖ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ተኝቷል። እኔም በዝግታ ነው የምለው።

[ኩዝማ መዝጊያውን ይከፍታል። ብርሃን እንደ ጎርፍ ይገባል። ባርቱል ጉሮሮውን ጠራርጎ በመስኮቱ ፊት ይቆምና፣ የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ከአባቶቻቸው እንደወረሱት፣ ቀኝ ክንዱን በጓደኛው ትከሻ ላይ ይጥላል፤ ያለ ጓደኛ ትከሻ ዜማ የሚወጣለት ሰው በዚያ ባሕር ዳርቻ የለምና።]

ባርቱል፦ ቁጥር አራት። [በሹክሹክታ] እህ... እህ... “ልጆች፣ ቀስ...”

ኩዝማ፦ አይመስልም።

ባርቱል፦ ምን ማለት ነው አይመስልም?

ኩዝማ፦ ባርባ ከሆዳቸው ነው የሚስሉት። ይህ የአንተ ጉንፋን ነው።

ባርቱል፦ [ተነክቶ] የእኔ ጉንፋን? ስማ! [ሆዱን ነፍቶ] እህህ! እህህህ! “ልጆች፣ ቀስ በሉ፣ ባሕሩ ይሰማችኋል! እህህህ! ባርቱል፣ አንተ ደግሞ አታብዛው!”

ኩዝማ፦ [እየሳቀ] አሁን ራሳቸው ናቸው! ከፊቴ የቆሙ ነው የመሰለኝ።

ባርቱል፦ አይደል? እህህህ! ይህ ሰው እኮ ማኅበሩን የሚመራው በእጁ አይደለም፣ በሳሉ ነው። ቁጥር አምስት! ድምፅ ስጠኝ።

ኩዝማ፦ ኡ...ም...

ባርቱል፦ [በዝግታ ጀምሮ፣ ዜማው ሲጥመው ራሱን እየረሳ]
የፊሎመናን ወጥ ዓርብ ማታ የበላ፣
ድምፁን የሚያገኘው ከእሑድ በኋላ፤

[ከማዶ አንድ የመስኮት መዝጊያ ሲጢጥ ይላል።]

ኩዝማ፦ ነፋስ ተነሣ መሰለኝ።

ባርቱል፦ የምዕራቡ ነው። በዚህ ሰዓት ከባሕር ይነሣል። አንተ ድምፅህን ያዝ!

ኩዝማ፦ ቅጠል ግን አይነቃነቅም።

ባርቱል፦ ቅጠሉን ለእኔ ተውልኝ! [አሁን በሙሉ ድምፅ]
ዓሣው በድስቱ ውስጥ ሲዋኝ ሰንብቶ፣
ኮምጣጤው ቢሸተው ወጣ ተቆጥቶ!

[በግራ ሌላ መዝጊያ፣ በቀኝም ሦስተኛ ሲጢጥ ይላሉ። ባርቱል ግን ዓይኖቹን ጨፍኗል፤ ሰው በራሱ ድምፅ ሲሰክር ዓለም ሁሉ ቢነሣበት አይሰማም።]

ኩዝማ፦ ነፋሱ በርትቷል።

ባርቱል፦ ቁጥር ስድስት!
የባርባ ጫማ ነጣ፣ ጢሙ ግን ጠቆረ፣
የቀለሙ ቆርቆሮ ወዴት ነው የዞረ?
[መጨረሻዋን ቃል ይዞ ከፍ፣ አሁንም ከፍ ያደርጋታል፤ በአደባባዩ ላይ ያሉ ርግቦች ብድግ ይላሉ] ...የዞ...ረ...!

[ባርቱል ላቡን ይጠርጋል።]

ባርቱል፦ ሰማህ? ሰማህ አይደል ያንን መጨረሻ? አሁን የቀረ ነገር የለም። ሞገድ በሞገድ ተበላ። አልቋል።

[ከአንድ ስፍራ፣ ጥልቅና የታወቀ ድምፅ፦ “እህህህ! እህህ!”]

ኩዝማ፦ ባርቱል፣ ቁጥር አራት ለብቻዋ ተጫወተች።

ባርቱል፦ አልጠፋችም! አላልኩህም? አምልጣ ነበር! ዝጋት፣ ቶሎ ዝጋት!

ኩዝማ፦ እጄ ላይ ናት። አልነካኋትም።

ድምፁ፦ ባርቱል!

ባርቱል፦ [ማጫወቻዋን እያየ፣ ደንግጦ] ስሜንም ታውቃለች!

ድምፁ፦ ዕቃውን ተወውና ቀና በል።

[ባርቱል ቀና ይላል። ከማዶ፣ ወለል ብሎ በተከፈተው መስኮት፣ ባርባ ዬርኮ በካናቴራ ቆመዋል፤ ጢማቸው በፀሐይ እንደ ቁራ ላባ ያብረቀርቃል።]

ባርባ ዬርኮ፦ አምስተኛውን ከፍ አድርገህ ጀመርከው። ለዚህ ነው “ተቆጥቶ” ላይ አየር ያጠረህ።

ባርቱል፦ ባርባ... እኛ እዚህ... ጥገና ላይ ነበርን።

ባርባ ዬርኮ፦ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደከም ብሎ ነበር፤ ዛሬ ግን አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ጢሙን በተመለከተ፣ የጫማ ቀለም አይደለም። ከትሪየስቴ የሚመጣ ዘይት ነው።

የሴት ድምፅ፦ [ከኋላቸው፣ ከጨለማው ክፍል] ዬርኮ! የተፈጥሮ ነው ስትለኝ አልነበር እንዴ?

ባርባ ዬርኮ፦ እህህ! እህህህ!

[ቴታ ፊሎመና ባላቸውን በክንዳቸው ገፋ አድርገው በመስኮቱ ይታያሉ፤ በእጃቸው የእንጨት ማማሰያ ይዘዋል።]

ቴታ ፊሎመና፦ የዘይቱን ነገር በኋላ እንነጋገራለን። ባርቱል!

ባርቱል፦ አቤት፣ ቴታ ፊሎመና።

ቴታ ፊሎመና፦ የእኔን ወጥ የበላ ድምፁን የሚያገኘው መቼ ነው ያልከው?

ባርቱል፦ እሱ እኮ ቴታ... ቤት እንዲመታ ብዬ ነው። “የበላ” ካሉ “በኋላ” ነው የሚመጣው። ግጥሙ ነው እንጂ እኔ አላልኩም።

ባርባ ዬርኮ፦ ይህን ሁሉ ምን አመጣው? ዛሬ ጠዋት እኮ አንተን መርጬ ጨርሻለሁ። ቪኮ ይንቀጠቀጣል። አንተ ታበዛዋለህ እንጂ ድምፅ አለህ።

ባርቱል፦ ዛሬ... ጠዋት?

ባርባ ዬርኮ፦ ኩዝማ አምጥቶ አሰማኝ። አልነገረህም?

[ባርቱል ቀስ ብሎ ወደ ኩዝማ ይዞራል።]

ኩዝማ፦ እስክጨርስ አትተንፍስ አልከኝ። ጨረስክ?

ቴታ ፊሎመና፦ ቆይ፣ እኔ አልጨረስኩም። ልጅቷ መስኮቷን ቀለም አስቀብታ የምትጠብቀው አንተን ነው፤ ስለ እሷ ስል ምርጫውን አልነካም። ግን ዓርብ ማታ የእኔ ማዕድ ላይ ትቀመጣለህ። ሁለት ሳህን ወጥ ትበላለህ፣ ድስቱንም በዳቦ ትጠርጋለህ። ቅዳሜ ድምፅህ ካማረ፣ ዘፈንህ ውሸት እንደነበር እዚሁ አደባባይ ላይ ቆመህ ትናገራለህ። ድምፅህ ከጠፋ ደግሞ፣ እውነትህን ነበር ማለት ነው፤ ቪኮ ይዘፍናል።

ባርቱል፦ ቴታ፣ እባክዎን... ኮምጣጤውን ብቻ...

ቴታ ፊሎመና፦ እጨምርበታለሁ።

[መዝጊያው ጓ ብሎ ይዘጋል። ከውስጥ “ከትሪየስቴ ነው አልክ?” የሚል ድምፅና ረጅም ሳል ይሰማል። ባርቱል በወፍጮው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።]

ባርቱል፦ ባዶ መሆናቸውን ታውቅ ነበር።

ኩዝማ፦ ባርባ አይሰማኝም ስላሉ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ነው ያጫወትኩት። ሦስቱ ዘፈኑ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ስም ብቻ። ሳህኑ አለ፣ ሰውዬው...

ባርቱል፦ የለም። ገባኝ። ለምን አልነገርከኝም?

ኩዝማ፦ በጀመርኩ ቁጥር ሞገድ፣ ማጎሪያ፣ ኤርፎን ትለኛለህ። እኔም እንዲህ የሚያውቅ ሰው የእኔ የጠዋት ወሬ ምን ያደርግለታል ብዬ ተውኩት።

ባርቱል፦ [በድንገት ብድግ ብሎ] የአሁኑ! የአሁኑ ቁጥር ሰባት ሆኖ ተቀድቷል! አጥፋው፣ ኩዝማ፣ ማንም ሳያየው አጥፋው!

ኩዝማ፦ አልተቀዳም።

ባርቱል፦ እንዴት አልተቀዳም?

ኩዝማ፦ ምልክት አልሰጠኸኝም። ቀኝ እጅህ ትከሻዬ ላይ ነበር። አሁንም ያመኛል።

ባርቱል፦ ታዲያ... ማጫወቻዋ ላይ ምንም የለም?

ኩዝማ፦ ምንም። ንጹሕ ናት።

ባርቱል፦ [ወደ ሰማይ እያየ] ተመስገን! ቢያንስ ማስረጃ አልቀረም።

[በዚያች ቅጽበት፣ በግራ በኩል ካለ የተዘጋ መዝጊያ ኋላ፣ አንዲት ሴት በለሆሳስ ታንጎራጉራለች፦ “ዓሣው በድስቱ ውስጥ ሲዋኝ ሰንብቶ...” ከቀኝ መስኮት የወንድ ድምፅ ይቀበላታል፤ ከዳቦ መጋገሪያው በኩል ሌላ ቀጭን ድምፅ፣ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ፣ ከላይ ይደርብበታል። ሙሉ መንደሩ በተዘጋ መስኮት፣ በተዋበ ስምምነት፣ “ወጣ ተቆጥቶ” ላይ ይደርሳል። አንድም ሰው አልተሳሳተም። ኩዝማ ማጫወቻዋን ወደ ጆሮው ያስጠጋል፤ ከዚያ ወደ አደባባዩ ያዳምጣል፤ ከዚያ ጓደኛውን ያየዋል።]

ኩዝማ፦ ባርቱል።

ባርቱል፦ ምን?

ኩዝማ፦ መንደሩንስ አጥፍተን እናብራው?